ኢዮብ ሉዶልፍና መምህሩ አባ ጎርጎርዮስ

ዕውቀትን የሚፈልግ ሰው ሁለት መንገድ ይገጥመዋል። አንደኛው ከእርሱ በፊት የተማሩትን ሊቃውንት ቃል አምኖ መቀበል ነው፤ ሁለተኛው በገዛ አእምሮው መርምሮ መፍረድ ነው። የመጀመሪያውን ብቻ የያዘ ሰው የሌላውን ስሕተት እንደ ርስት ይወርሳል። ሁለተኛውን ብቻ የያዘ ደግሞ አንድ ሰው በአንድ ዕድሜ ሊደርስበት ከሚችለው ጥቂት ነገር አያልፍም። እነዚህ ሁለቱ መንገዶች እንዴት እንደሚገናኙ የኢዮብ ሉዶልፍ ታሪክ ያሳያል። ይህ ሰው የኢትዮጵያን ምድር በእግሩ ሳይረግጥ፣ የግዕዝንና የአማርኛን ሰዋስው ለአውሮፓ ሊቃውንት ያስተማረ ጀርመናዊ ነው። በዚህ ታሪክ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ሉዶልፍ በ1624 ዓመተ ምሕረት በጀርመን አገር፣ ኤርፉርት በምትባል ከተማ ተወለደ። ያን ጊዜ ከ1618 እስከ 1648 ድረስ የቈየው የሠላሳ ዓመት ጦርነት ጀርመንን ያቃጥላት ነበር። ሕፃኑ ያደገው የወታደር ጩኸትና የራብ ወሬ በማይለይበት ዘመን ነው። እርሱ ግን ልቡን ወደ መጽሐፍ መለሰ። ሕግን ተማረ፤ ዕድሜውን ሙሉ እንጀራ የበላውም በሕግ ዐዋቂነቱ ነው። ፍቅሩ ግን የቋንቋ ትምህርት ነበረ። ዕብራይስጥን፣ ዐረብኛን፣ ሱርስጥን ተማረ፤ በመጨረሻም ሃያ አምስት ያህል ቋንቋ ያውቅ ነበረ ይባላል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ገና በወጣትነቱ ልቡን የሳበው ግዕዝ ነው።

በዚያ ዘመን በአውሮፓ ስለ ግዕዝ የሚታወቀው ጥቂት ነበረ፤ ከዚያም ጥቂት ውስጥ ብዙው የተሳሳተ ነበረ። በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ሰው የግዕዝን መዝሙረ ዳዊት በሮማ ከተማ አሳተመ። በግዕዝ ፊደል ከታተሙት መጻሕፍት ሁሉ የመጀመሪያው ይህ ነው። ፖትከን ወደ ሮማ የመጡትን የኢትዮጵያ ተሳላሚዎች ጸሎት ሰምቶ ከእነርሱ የተማረ ትጉህ ሰው ነበረ፤ ነገር ግን ቋንቋውን የከለዳውያን ቋንቋ ብሎ ሰየመው። በ1548 እና በ1549 ተስፋ ጽዮን የተባሉ ኢትዮጵያዊ መነኵሴ ሐዲስ ኪዳንን በሮማ አሳተሙ። የእርሳቸው ደቀ መዝሙር ማሪያኖ ቪቶሪ በ1552 ስለ ግዕዝ የመጀመሪያውን የሰዋስው መጽሐፍ ሲያወጣ፣ መምህሩ ኢትዮጵያዊ ሆነው ሳሉ፣ የፖትከንን ስያሜ ደግሞ ከለዳዊ ብሎ ጻፈ። በ1638 ደግሞ ያዕቆብ ቬመርስ አንድ ትንሽ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ወጣቱ ሉዶልፍ ያገኛቸው መምህራን እነዚህ ወረቀቶች ብቻ ነበሩ።

ሉዶልፍ እነዚህን መጻሕፍት አልናቃቸውም፤ ያለ እነርሱ የመጀመሪያውን ፊደል እንኳ አይለይም ነበርና። ነገር ግን አንዱን ከሌላው ጋር፣ ሁሉንም ደግሞ ከታተመው መዝሙርና ሐዲስ ኪዳን ጋር እያስተያየ አነበባቸው። የሰዋስው መጽሐፉ አንድ ሕግ ሲናገር መዝሙሩ ግን ያንን ሕግ ሲያፈርስ ባየ ጊዜ፣ መዝሙሩን አመነ። የቋንቋው ባለቤቶች የጻፉት ከውጭ ሰው ደንብ እንደሚበልጥ ተረድቶ ነበርና። እንዲሁም ዕብራይስጥና ዐረብኛ ስለሚያውቅ ቃላቱን በጐን አስቀምጦ መዘናቸው፤ ግዕዝ የከለዳውያን ቋንቋ እንዳልሆነ፣ የዐረብኛና የዕብራይስጥ ዘመድ የሆነ ራሱን የቻለ ቋንቋ እንደ ሆነ አስተዋለ። ከመቶ ዓመት በላይ ሊቅ ከሊቅ እየተቀበለ ሲደግመው የቈየው ስም በዚህ ዐይነት መፍረስ ጀመረ። ስሙን ያጸናው የማስረጃ ብዛት አልነበረም፤ የደጋሚዎች ብዛት ነበረ።

ይሁን እንጂ ያለ መምህር የሚሠራ አእምሮ ወሰን አለው፤ ሉዶልፍም ወሰኑን ያየው በ1649 ነው። በዚያ ዓመት በፓሪስ የነበረው የስዊድን መልእክተኛ አንዳንድ የጥንት ጽሑፎችን እንዲፈልግለት ወደ ሮማ ላከው። የተላከበትን ጽሑፍ አላገኘም፤ ነገር ግን ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ ባለው፣ ኢትዮጵያውያን በሚያርፉበት በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት አራት ያህል ኢትዮጵያውያን አገኘ። ወደ እነርሱ ቀርቦ በግዕዝ ሊያነጋግራቸው ሞከረ። እነርሱም መጽሐፍ አውጥተው እንዲያነብ ሰጡት። ሲያነብ በሰሙት ጊዜ ሣቃቸውን መያዝ አቃታቸው፤ ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው እንደ ቀ፣ እንደ ጠ፣ እንደ ጸ ያሉትን ድምፆች ከወዴት ያገኛቸዋል? ያነበበውን ቃል ወደ መተርጐም በደረሰ ጊዜ ግን ሣቁ ወደ አድናቆት ተለወጠ። ይህን ቋንቋ ያለ መምህር የተማረ የውጭ ሰው ይገኛል ብለው አላሰቡም ነበርና። ሉዶልፍ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ነገር ተማረ፤ ብቻውን ሠርቶ ምን ያህል እንደ ደረሰና ብቻውን ሠርቶ ከቶ የማይደርስበት ነገር ምን እንደ ሆነ።

ከእነዚያ ኢትዮጵያውያን አንዱ አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። ትውልዳቸው በአምሐራ አገር በመካነ ሥላሴ ነው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የሮማን ሃይማኖት ከተቀበሉት ወገን ስለ ነበሩ፣ ዐፄ ፋሲለደስ ነግሠው የቀደመው ሃይማኖት በተመለሰ ጊዜ ከአገራቸው ወጥተው በስደት ወደ ሮማ ደርሰው ነበር። የተማሩ፣ የአገራቸውንም ሥርዐት የሚያውቁ ካህን ነበሩ። የሃያ አምስት ዓመቱ ወጣት ሉዶልፍ ከእግራቸው ሥር ተቀመጠ። የሚጠይቀውን እየጻፈ ይጠይቅ፣ የሚመልሱትን እየጻፈ ይይዝ ነበር። ወደ ጀርመን ከተመለሰም በኋላ በመካከላቸው በግዕዝ ደብዳቤ ይጻጻፉ ጀመር።

ሉዶልፍ በሕግ ዐዋቂነቱ ያገለግለው የነበረው የጎታ መስፍን ኤርንስት በሃይማኖተኛነቱ የታወቀ ሰው ነበረ። እርሱም በሉተር ትምህርት የሚያምን ስለ ሆነ፣ ከሮማ ጳጳስ ሥልጣን ውጭ ሆና ከጥንት ጀምሮ የኖረችው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እምነትዋ ምን እንደሚመስል ለማወቅ እጅግ ይመኝ ነበር። ስለዚህ በ1652 አባ ጎርጎርዮስን ወደ ግዛቱ አስጠራቸው። እርሳቸውም የእልፕን ተራሮች ተሻግረው መጡ፤ በዚያ ክረምት በገባው ወራት እስከ መስከረም ድረስ በመስፍኑ ዘንድ ተቀመጡ። መስፍኑና ሊቃውንቱ ይጠይቃሉ፤ ሉዶልፍ ያስተረጕማል፤ ጸሓፊዎች ይጽፋሉ። ስለ ጥምቀትና ስለ ቍርባን፣ ስለ ንጉሡ ቤትና ስለ ፍርዱ ሥርዐት፣ ስለ እህሉ፣ ስለ አራዊቱ፣ ስለ ወንዙ ሁሉ ተጠየቁ።

በዚህ ስፍራ አንድ ፈተና ነበረ። ጠያቂው አስቀድሞ የሚመኘው መልስ ነበረው፤ መስፍኑ የኢትዮጵያ እምነት ለራሱ እምነት የቀረበ ሆኖ ቢያገኘው ደስ ይለው ነበር። ተጠያቂው ደግሞ በእንግድነት ያለ፣ የመስፍን እንጀራ የሚበላ ስደተኛ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ እንግዳ ባለቤቱን ደስ የሚያሰኝ ነገር ለመናገር ይቸኵላል፤ ባለቤትም የወደደውን ብቻ ይሰማል። የሉዶልፍ ብልኀት የታየው በዚህ ነው። አንድ ጊዜ የተነገረውን እንደ ተፈጸመ ነገር አልቈጠረውም። መምህሩ በገዛ ዓይናቸው ያዩትን፣ በልጅነታቸው የኖሩበትን፣ በቤተ ክርስቲያን ያገለገሉበትን ነገር ከእርሳቸው የተሻለ የሚያውቅ ሰው በአውሮፓ ስላልነበረ በዚህ ቃላቸውን ይዞ ተጓዘ። የሩቁንና የጥንቱን ነገር ግን ከሌላ መጽሐፍ ጋር እስኪያስተያየው ድረስ አቈየው። ፖርቱጋላዊው ባልታሳር ቴሌዝ የኢየሱሳውያንን መልእክቶች ሰብስቦ በ1660 ስለ ኢትዮጵያ መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ፣ ሉዶልፍ ያንን መጽሐፍ ፈልጎ አገኘና የአባ ጎርጎርዮስን ቃል ከእርሱ ጋር ነጥብ በነጥብ አመዛዘነ። ሁለቱ ወገኖች በሃይማኖት ክርክር የተለያዩበትንም አስተዋለ፤ በተለያዩበት ስፍራ ማን ምን ለማለት ምክንያት እንዳለው ጠየቀ።

የዚህ ሥራ ዋጋ የሚታወቀው ከሌላ ሰው ሥራ ጋር ሲነጻጸር ነው። በ1610 ሉዊስ ደ ኡሬታ የተባለ የእስፓኝ መነኵሴ በቫሌንሲያ ከተማ ስለ ኢትዮጵያ ትልቅ ታሪክ አሳትሞ ነበር። ኡሬታም ቢሆን ኢትዮጵያን አላየም፤ እንደ ሉዶልፍ ከኢትዮጵያ መጣሁ ከሚል ከአንድ ሰው፣ ዮሐንስ ባልታሳር ከሚባለው፣ ወሬ ተቀበለ። ነገር ግን የተነገረውን ሁሉ ያለ ሚዛን ጻፈው። በአምባ ላይ ስለ ተከማቹ ስፍር ቍጥር ስለሌላቸው መጻሕፍት፣ ስለ ወርቅና ስለ ዕንቍ፣ በኢትዮጵያ ነበሩ ስለሚላቸው ስለ ገዛ ማኅበሩ መነኮሳት ብዙ ተረት አወራ። በኢትዮጵያ ይኖር የነበረው ፔድሮ ፓኤዝ ይህን መጽሐፍ ለመንቀፍ ሰፊ ታሪክ ጽፎ በ1622 ሞተ፤ መጽሐፉ ግን እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ሳይታተም ቀረ። እንግዲህ ኡሬታም ሉዶልፍም ምስክር ነበራቸው። የለያቸው አንዱ ምስክሩን መርምሮ ማመኑ፣ ሁለተኛው ግን ደስ ያለውን ማመኑ ነው።

አባ ጎርጎርዮስ ከጀርመን ወደ ሮማ ከተመለሱ በኋላ አገራቸውን ለማየት ይናፍቁ ነበር። በ1658 ወደ ኢትዮጵያ ለመመለስ በመርከብ ሲጓዙ፣ በሶርያ ባሕር ዳር በእስክንድሮና አጠገብ መርከቡ ተሰበረና ሞቱ። ደቀ መዝሙሩ ይህን በሰማ ጊዜ ኀዘኑ ሁለት እጥፍ ነበረ። ወዳጁን አጣ፤ ደግሞም ሊጠይቃቸው ያሰባቸው ነገሮች ሁሉ ከእርሳቸው ጋር ወደ ባሕር ሰጠሙ። ሉዶልፍ የመምህሩን ውለታ አልደበቀም፤ በመጻሕፍቱ ስማቸውን ደጋግሞ ጠራ፤ በ1691 ባሳተመው መጽሐፍም መልካቸውን በሥዕል አስቀርጾ አኖረ። ብዙ ሊቃውንት ከድኻ መንገደኛ የሰሙትን የራሳቸው ግኝት አድርገው በሚጽፉበት ዘመን፣ ይህ ሰው ዕውቀቱን ከወዴት እንዳመጣው ለዓለም ነገረ። እንዲህም በማድረጉ አንባቢው ነገሩን ከምንጩ ሊመዝነው ቻለ።

ሥራውን ለሌላ እጅ አምኖ መስጠት ምን እንደሚያመጣም ሳይዘገይ አየ። ግዕዝ ያስተማረው ሚካኤል ቫንስሌብ የሚባል የኤርፉርት አካባቢ ልጅ ነበረ። ሉዶልፍ የግዕዝን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት እንዲያሳትምለት ወደ ሎንዶን ላከው፤ መጽሐፉም በ1661 ታተመ። ነገር ግን ቫንስሌብ ከራሱ እየጨመረ፣ በማተሚያውም ስሕተት እየገባበት ስለ ወጣ ባለቤቱን እጅግ አሳዘነው። ስሙ በመጽሐፉ ላይ ተጽፎ ሳለ ያልጻፈው ነገር በውስጡ ተገኘ። ሉዶልፍ ግን በቍጣ ብቻ አልቀረም፤ ዓመት በዓመት እያረመ፣ እየጨመረ፣ መዝገበ ቃላቱን በ1699፣ ሰዋስውንም በ1702 እንደ ገና አሳተመ። ያን ጊዜ ዕድሜው ከሰባ አምስት አልፎ ነበር። የገዛ ሥራውን ሳይቀር እንደ ሌላ ሰው ሥራ አድርጎ ለአርባ ዓመት መረመረው።

ከመጻሕፍቱ ሁሉ በዓለም ስሙን ያስጠራው በ1681 በፍራንክፈርት ከተማ በላቲን ቋንቋ ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ነው። መጽሐፉ በአራት ክፍል ተከፍሎ ስለ አገሩ ተፈጥሮ፣ ስለ መንግሥቱ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ስለ ሕዝቡም ኑሮ ይናገራል። በ1682 ወደ እንግሊዝኛ ተተረጐመ፤ ቀጥሎም ወደ ፈረንሳይኛ። በ1683 ያወጣው ካርታ ደግሞ ከበጥሊሞስ ዘመን ጀምሮ በአውሮፓ ካርታዎች ላይ ሲገለበጥ የቈየውን ሥዕል ትቶ፣ የዐባይን መነሻ በጎጃምና በጣና ሐይቅ አጠገብ አሳየ። በ1698 የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። የአማርኛ ሰዋስው በመጽሐፍ ሲታተም ይህ የመጀመሪያው ነው። አባ ጎርጎርዮስ በጎታ የተናገሩት ቃል ከአርባ ስድስት ዓመት በኋላ፣ እርሳቸውም ከሞቱ ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በዚህ መጽሐፍ ፍሬ ሰጠ።

አሁን ስለ መጽሐፈ ሄኖክ የሆነውን ነገር መናገር ይገባል፤ የዚህ ሰው ታሪክ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው በዚህ ነውና። የይሁዳ መልእክት የሄኖክን ትንቢት ይጠቅሳል፤ መጽሐፉ ግን ከጥቂት የጽርእ ቍራጭ በቀር ከአውሮፓ ጠፍቶ ነበር። በኢትዮጵያ ይገኛል የሚል ወሬ ስለ ነበረ፣ ፔሬስክ የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ከግብፅ በኩል አንድ የግዕዝ ብራና አስመጣ። ፔሬስክ በ1637 ሞተ፤ ብራናውም መጽሐፈ ሄኖክ ነው እየተባለ በመጨረሻ ወደ ፓሪስ ቤተ መጻሕፍት ገባ። ሊቃውንቱ ሁሉ ይህን ይናገሩ ነበር፤ ግዕዝ የሚያነብ ግን ከመካከላቸው አልነበረም። ሉዶልፍ ወደ ፓሪስ በሄደ ጊዜ ብራናውን አስወጥቶ አነበበው። የሄኖክ መጽሐፍ አልነበረም፤ አባ በኃይለ ሚካኤል የደረሱት መጽሐፈ ምሥጢረ ሰማይ ወምድር ነበር። እርሱም ይህን ለዓለም አስታወቀ።

እስከዚህ ድረስ ድሉ የመርማሪው ነው፤ ሁሉ የተቀበለውን ወሬ አንድ ሰው መጽሐፉን ገልጦ በማንበብ አፈረሰው። ከዚህ በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሉዶልፍ የመረመረው አንዱን ብራና ነው፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ሊቃውንት ግን የግዕዙ መጽሐፈ ሄኖክ ራሱ ተረት ነው ወደ ማለት ደረሱ። የኢትዮጵያን ነገር ከሉዶልፍ በላይ የሚያውቅ ማን አለ እያሉ ፍለጋውን ተዉት። የሰውዬው ስም በጸና መጠን በሩን አጸናው። በዚያው ዘመን ግን መጽሐፉ በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ይጻፍ፣ ይነበብ፣ ከመጻሕፍት አምላካውያት ጋር ይቈጠር ነበር። ከአንድ የኢትዮጵያ መምህር ዘንድ ሄዶ የጠየቀ ቢኖር ኖሮ ጥያቄው በአንድ ቀን ባለቀ ነበር።

ሉዶልፍ በ1704 በፍራንክፈርት ከተማ በሰባ ዘጠኝ ዓመቱ አረፈ። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በጎንደር ተቀምጦ ከተመለሰ በኋላ በ1773 ወደ አውሮፓ ሲደርስ ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ይዞ መጣ። ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ አሳተመው። ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች ከተገኙት ብራናዎች መካከል የዚሁ መጽሐፍ የአራማይስጥ ቍራጮች በወጡ ጊዜ፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጠብቃ ያኖረችው መጽሐፍ ምን ያህል ጥንታዊ እንደ ሆነ ለሁሉ ታወቀ። በሙሉ ተጠብቆ የተገኘው ግን እስከ ዛሬ በግዕዝ ብቻ ነው።

በዚህ ሉዶልፍን መንቀፍ አይገባም፤ እርሱ የፈጸመውን ደቀ መዛሙርቱ ሳይከተሉት ቀሩ እንጂ። እርሱ ፖትከንን አክብሮ ስሕተቱን ተወ፤ እነርሱ ግን ሉዶልፍን አክብረው ጥያቄውን ተዉ። ሊቅን ማክበር ማለት የደረሰበትን መያዝ ብቻ እንዳልሆነ፣ የደረሰበትን መንገድ መከተልም እንደ ሆነ ከዚህ ይታያል። የኢትዮጵያ መምህራን አንዱን ንባብ ሲተረጕሙ አንድም እያሉ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ፍቺ ያመጣሉ፤ የቀደመውን መምህር ቃል ሳይጥሉ ለሚመጣው ቃል ስፍራ ያቈያሉ። ሉዶልፍም በሥራው የገለጠው ይህንኑ የመሰለ ነው። ከመጻሕፍት ጀመረ፤ መጻሕፍቱን በመጻሕፍት መዘነ፤ መጽሐፍ የማይሰጠውን ከሕያው መምህር ለመነ፤ የመምህሩንም ቃል ያዩትን ከሰሙት ለይቶ ተቀበለ፤ ውለታቸውን በስማቸው ጻፈ፤ የራሱንም ሥራ እስከ ዕድሜው ማብቂያ አረመ። በሮማ የሣቁበት ሰዎች መምህራኑ ሆኑ፤ ሣቃቸውን ቢቀየም ኖሮ ግን እንደ ቀደሙት ሊቃውንት በወረቀት ላይ ብቻ ይቀር ነበር።